እናቴ በሰሙነ ሕማማት ዐረፈች፤ «ወንሴፎ ትንሣኤ ሙታን» ማክሰኞ ጠዋት ምን ማለት ነው?

የጦሳ ሥር — ማክሰኞ፣ ምሽት 2፡40

በዚህ መድረክ ለምትሳተፉ ሁሉ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሳችሁ። ደሴ ውስጥ በልብስ ስፌት የምተዳደር ሴት ነኝ። ሌሎች የጻፉትን ማንበብ እንጂ መጻፍ አልለመድሁም፤ ዛሬ ግን በውስጤ የሚመላለሰውን ጥያቄ ለብቻዬ መሸከም አቃተኝ።

እናቴ ባለፈው ሳምንት፣ በሰሙነ ሕማማት፣ ለጸሎተ ሐሙስ አጥቢያ ዐረፈች። በሆሣዕና እሑድ የጦሳን ጉምና ብርድ ሳትፈራ ዳገቱን በእግሯ ወጥታ፣ ቅዳሴውን ቆማ አስቀድሳ፣ ዘንባባዋን ይዛ ተመልሳ ነበር። ከዘንባባው ላይ ቀጭን ክር ሰንጥቃ፣ በልጅነቴ ታደርግልኝ እንደነበረው፣ ሁለት ቀለበት ሠራች፤ አንዱን ለእኔ ሰጠችኝ፤ ሌላውን በራሷ ጣት አጠለቀችው። በመጨረሻዋ ሌሊት እጇን ይዤ ስቀመጥ ቀለበቱ ደርቆ ስለነበር ጠርዙ መዳፌን ይወጋኝ ነበር። የገነዟት እናቶች «እናውጣው ወይስ ይቆይ?» ብለው ሲጠይቁኝ ይቆይ አልኋቸው፤ አብሯት ተቀበረ።

ልቤን ያስጨነቀው ያለ ፍትሐት መቀበሯ ነው። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት እንደማይደረግ ካህኑ ነግረውኛል፤ ሥርዓቱንም አከብራለሁ። ነገር ግን ዕድሜዋን ሙሉ በሌላው ሰው ፍትሐት ላይ ቆማ የኖረች ሴት፣ ተራው የእርሷ ሲሆን በዝምታ መውረዷ አንገበገበኝ። ከዚያም በለቅሶው ላይ አንዲት ዘመዳችን «በትንሣኤ የሚያምን ሰው እንዲህ አያለቅስም፤ ተስፋ እንደሌላቸው አትሁኚ» አለችኝ። ልታጽናናኝ ብላ እንደተናገረችው አውቃለሁ፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ግን እንባዬ በመጣ ቁጥር ሃይማኖቴን የካድሁ እየመሰለኝ እውጠዋለሁ። እሑድ ጎረቤቶቼ ከጾሙ ሊያስፈቱኝ ምግብ ይዘው መጡ፤ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ሲሉኝ «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» ብዬ መለስሁ፤ ቃሉ ከአፌ ወጣ እንጂ ከልቤ መውጣቱን እጠራጠራለሁ።

ዛሬ ጠዋት የስፌት መኪናዬን ሽፋን ገልጬ ተቀመጥሁ። ለፋሲካ ላደርስ ቃል የገባሁት የአንዲት ትንሽ ልጅ ቀሚስ እጅጌው ሳይገጠም እንደቀረ ነው። እግሬን ከመርገጫው ላይ አድርጌ እስከ ቀትር ድረስ አንድ ስፌት ሳልሰፋ ዋልሁ። በጸሎተ ሃይማኖት «ወንሴፎ ትንሣኤ ሙታን»፣ የሙታንን ትንሣኤ ተስፋ እናደርጋለን፣ የምንለው በመጨረሻው ቀን ስለሚሆነው ብቻ ከሆነ፣ ከዛሬ እስከዚያ ቀን ድረስ ባሉት ማክሰኞዎች ሁሉ ለሰው ምን ያደርግለታል? የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ።

ጠማቂዋ ከኮምቦልቻ — ማክሰኞ፣ ምሽት 3፡25

እታለም፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ የእናትሽን ነፍስ ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልሽ። እኔ የተማርሁ አይደለሁም፤ ጠላ ጠምቄ ሦስት ልጆች ያሳደግሁ ነኝ፤ ስለዚህ የምነግርሽ ከእጄ የማውቀውን ነው።

ለብቅል ገብሱን እነክራለሁ፤ ውሃውን አጥልዬ በኮባ ቅጠል እጠቀልለዋለሁ፤ ከላዩም ድንጋይ እጭንበታለሁ። በጨለማ፣ በእርጥበት፣ ከድንጋይ በታች ነው። ከቀናት በኋላ ቅጠሉን ስገልጠው ፍሬው ሁሉ ነጭ ሥር አውጥቶ፣ አንዱ ከአንዱ ተቆላልፎ፣ እንደ ምንጣፍ ተያይዞ ይነሣል፤ እጅሽን ብታስገቢበት ይሞቃል። ባለቤቴ በሞተበት ዓመት ያንን ሙቀት በእጄ ዳስሼ ቁጭ ብዬ አልቅሻለሁ። ካለቀስሁም በኋላ ቀለለኝ እንጂ ከሃይማኖቴ የጎደለብኝ ነገር የለም። ጳውሎስ የምትዘራው ካልሞተ ሕያው አይሆንም ያለው ይህንን ይመስለኛል።

መምህር ዘሐይቅ — ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡15

ልጄ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ፍትሐቱ ልንገርሽ፤ ይህ ሳይነገርሽ ሌላውን ብነግርሽ ልብሽ አይሰማኝምና።

እናትሽ ያለ ፍትሐት አልተቀበረችም። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት ስለማይደረግ፣ በዚያ ሳምንት ለሚያርፉ ምእመናን ሁሉ ጸሎተ ፍትሐቱ አስቀድሞ በሆሣዕና ዕለት፣ ከቅዳሴው በኋላ ይደርሳል። አንቺ እንደጻፍሽው እናትሽ በዚያ ዕለት ቅዳሴውን አስቀድሳለች። እንግዲህ የራሷ ፍትሐት ሲደርስ በሕይወት፣ በእግሯ ቆማ፣ ዘንባባ ይዛ ሰምታዋለች ማለት ነው። ጸሎቱን የተቀበለችው ሬሳ ሆና ሳይሆን ሆሣዕና እያለች ነው። ብዙ ዓመት ሳስተምር ኖሬአለሁ፤ ይህን ሥርዓት በአንቺ እናት ታሪክ ያየሁትን ያህል አጥርቼ ያየሁበት ጊዜ የለም።

ስለ እንባሽም ልመልስ። ዛሬ ረቡዕ ነው፤ በፋሲካው ሰሙን ይህ ዕለት አልዓዛር የሚታሰብበት ነው። ጌታ ወደ ቢታንያ የሄደው ሊያስነሣው ነው፤ «ትንሣኤና ሕይወት እኔ ነኝ» ብሎ ለማርታ የነገራት ከመቃብሩ ሳይደርስ ነው፤ እንዲህም ሆኖ እኅትየውና አብረዋት የመጡት ሲያለቅሱ ባየ ጊዜ እንባውን አፈሰሰ። ወዳጁ ጥቂት ቆይቶ እንደሚነሣ እያወቀ ካለቀሰ፣ እንባ የተስፋ ማጣት ምልክት ነው የሚለው ሰው ጌታን ምን ሊለው ነው? ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች «ተስፋ እንደሌላቸው እንደ ሌሎች ደግሞ እንዳታዝኑ» ሲል እንዳታዝኑ ብሎ አላቆመም። ተስፋ ያለው ሰው የራሱ የሆነ ኀዘን አለው ማለቱ ነው፤ ዘመድሽ ቃሉን ከመካከሉ ቆርጣ ነገረችሽ።

ከዚያው ታሪክ ለአንቺ ሥራ የሚሆን ነገርም አለ። አልዓዛር እጁና እግሩ በመግነዝ እንደታሰረ ወጣ። ያስነሣው ጌታ ጨርቁንም በቃሉ ሊፈታው ይችል ነበር፤ ነገር ግን በዙሪያው ለቆሙት «ፍቱት» አላቸው። ሙት ማስነሣት የእርሱ ብቻ ነው፤ የታሰረውን መፍታት ግን ለሰው እጅ የተተወ ሥራ ሆነ። ፍትሐት የሚለው ቃላችንም መፍታት ከሚለው ግስ የወጣ መሆኑን አስቢ።

ስለ «ወንሴፎ» የጠየቅሽው ጥያቄ ጥልቅ ነው። ጸሎተ ሃይማኖትን ልብ ብለሽ አድምጪ፤ ነአምን፣ ወነአምን፣ ወነአምን እያለ ይወርድና ከሙታን ትንሣኤ ላይ ሲደርስ ግሱን ይለውጣል፤ ወንሴፎ፣ ተስፋ እናደርጋለን ይላል። በ381 እ.ኤ.አ. በቁስጥንጥንያ የተሰበሰቡት አባቶች ያጸኑት ቃል በግሪክኛውም እንዲሁ መጠበቅ የሚል ነው። ማመን ለተደረገውና ላለው ነው፤ ተስፋ ማድረግ ግን ገና ወደሚመጣው ፊትን አቅንቶ መቆም ነው። ደግሞም እሴፎ አይደለም፣ ንሴፎ ነው። በብዙ ቁጥር የሚነገር ቃል ስለሆነ፣ አንዱ ቃሉን ከልቡ ማውጣት ባቃተው ቀን ከጎኑ የቆመው ይልለታል። እሑድ ቃሉ ከአፍሽ ብቻ ወጣ ብለሽ ያዘንሽበት ነገር ይኸው ነው፤ ጎረቤቶችሽ ከልባቸው ይሉልሽ ነበር።

ሰኞ ገበያ — ረቡዕ፣ ረፋድ 4፡30

እኅቴ ሆይ፣ በኀዘንሽ ከልብ አዝኛለሁ። እኔ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አባል ስለሆንሁ፣ ለሞቱ ሰዎች ስለሚጸለየው ጸሎት ከመምህር ጋር አንድ ዓይነት ትምህርት የለንም። ይህን የምናገረው ለመከራከር ሳይሆን በግልጽ ለመነጋገር ያህል ነው፤ ስለ ዕንባውና ስለ ንሴፎ የተጻፈውን ግን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ።

በኮምቦልቻዋ እናት ምሳሌ ላይ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ብቅሉ የሚበቅለው ሕይወቱ በውስጡ ስላለ ነው፤ ውሃና ሙቀት ካገኘ በተፈጥሮው ያቆጠቁጣል። በእኛ ሬሳ ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ተኝቶ የሚቆይ ኃይል የለም። ጳውሎስም ዘሩን ካነሣ በኋላ ወዲያው «እግዚአብሔር ግን እንደ ወደደ አካልን ይሰጠዋል» ይላል። ተስፋችን ክረምት ሲመጣ መስክ እንደሚለመልም ያለ ተስፋ አይደለም፤ ተስፋውን የሰጠን እግዚአብሔር ቃሉን እንደሚጠብቅ መታመን ነው። ልዩነቱ ትንሽ አይመስለኝም፤ ምክንያቱም የተፈጥሮን ዑደት የሚጠብቅ ሰው ድርቅ ሲመጣ ተስፋው ያልቃል፤ እኛ ወሎዬዎች ደግሞ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. መስኩ ሳይለመልም እንደሚቀር ያየን ሕዝብ ነን።

ጠማቂዋ ከኮምቦልቻ — ረቡዕ፣ ቀን 7፡05

ወንድሜ ልክ ብለሃል። ብቅሉም ቢሆን ከበቀለ በኋላ ፀሐይ ላይ ደርቆ ይፈጫል እንጂ እንዲያድግ አይተውም። ምሳሌው እስከዚያ ድረስ ብቻ ይሂድ፤ እጄ ላይ የተሰማኝ ሙቀት ግን እንዳጽናናኝ ይቅርልኝ።

ተማሪ ከደሴ — ረቡዕ፣ ቀን 9፡20

ለኀዘንተኛዋ እኅታችን መጽናናትን እመኛለሁ። ጥያቄዋን መሠረት አድርጌ እኔም ከልቤ የሚያስጨንቀኝን ልናገር። በየቀብሩ፣ በየስብከቱ ስለ ትንሣኤ ተስፋ ሲነገር እሰማለሁ፤ ነገር ግን ይህ ተስፋ ብዙ ጊዜ ሰውን እንዲታገሥ ብቻ ሲያስተምረው አያለሁ። ሥራ ለሌለው ወጣት፣ መድኃኒት መግዛት ላቃታት እናት «ይህ ዓለም ኀላፊ ነው» ይባላል። ተስፋችን በሚመጣው ዓለም ከሆነ በዚህኛው ዓለም ስላለው በደልና ችግር ለመድከም ምን ምክንያት ይኖረናል? ይህን የምጠይቀው በክህደት አይደለም፤ መልሱን ስለምፈልገው ነው።

ሰኞ ገበያ — ረቡዕ፣ ምሽት 1፡10

ወንድሜ፣ የተናገርኸው ነገር በእኛም ጉባኤ ይታያል፤ አልክድም። ነገር ግን ይህ የጳውሎስ ትምህርት አይደለም። ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈውን የመጀመሪያ መልእክት 15ኛውን ምዕራፍ አውጥተህ አንብብ። ስለ ትንሣኤ እንደዚያ በስፋት የተጻፈ ሌላ ምዕራፍ የለም፤ የሚጨርሰውም ሞት በድል እንደተዋጠ አውጆ «ድካማችሁ በጌታ ከንቱ እንዳይሆን አውቃችሁ» እያለ ነው። ትንሣኤ ካለ ድካም ከንቱ አይሆንም፤ ሞት ሁሉን የሚውጥ ቢሆን ኖሮ ግን ዛሬ የምትሠራው መልካም ነገር ሁሉ ውሎ አድሮ የሚጠፋ በሆነ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ተመልከት። የምዕራፍ ቁጥር የተጨመረው ከብዙ ዘመን በኋላ ነውና መልእክቱን በአንድ ትንፋሽ ብታነበው፣ ከዚያ ታላቅ አዋጅ ቀጥሎ ያለው ቃል በኢየሩሳሌም ላሉ ቅዱሳን ገንዘብ ስለ ማዋጣት ነው። እያንዳንዱ እንደ ቀናው መጠን በየሳምንቱ በፊተኛው ቀን እያስቀረ ያስቀምጥ ይላል። የሳምንቱ ፊተኛ ቀን እሑድ ነው፤ ጌታ የተነሣበት ቀን ነው። ጳውሎስ የትንሣኤውን ቀን የመዋጮ ቀን አደረገው። እንግዲህ «ይህ ዓለም ኀላፊ ነው» ብሎ መድኃኒት ያልገዛላትን ሰው፣ የ15ኛውን ምዕራፍ ቃል ይዘህ ወደ 16ኛው ሳትሻገር ቆምህ በለው።

የቅሬው ጸሐፊ — ረቡዕ፣ ምሽት 2፡30

እኅቴ፣ አብሽሪ። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ በክርስትና ትምህርት ውስጥ ገብቼ የምናገረው የለኝም፤ እኛም የቂያማን ቀን፣ ሙታን የሚነሡበትን ቀን የምናምን ነን። ደሴ ውስጥ የአንድ ሰፈር ቅሬ (ዕድር) ጸሐፊ በመሆኔ ግን ስለ ለቅሶ የማውቀው አለኝ።

በእኛ ቅሬ ሰው ሲሞት ጥሩንባ ይነፋል፤ የሟቹ ሃይማኖት አይጠየቅም፤ ድንኳኑን የሚተክለው፣ መቃብሩን የሚቆፍረው፣ ቃሬዛውን የሚሸከመው ተራው የደረሰው ነው። በመዝገቤ ላይ የቀረና የመጣ ሰው ስም እመዘግባለሁ። ከብዙ ዓመት መዝገብ የተረዳሁት፣ ኀዘንተኛን የሚያነሣው በሰልስቱ የመጣው ብዙ ሰው ብቻ አይደለም፤ ሁሉም ከተበተነ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት በሩን የሚያንኳኳው አንዱ ሰው ነው። እኛ ወሎዎች ኀዘንተኛውን «አብሽር» እንለዋለን፤ ብዙ ሰው አይዞህ ማለት ብቻ ይመስለዋል፤ በዐረብኛው ግን የምሥራች ይሁንልህ፣ ደስ ይበልህ ማለት ነው። አባቶቻችን በለቅሶ ቤት ይህን ቃል ለመናገር መድፈራቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል።

መምህር ዘሐይቅ — ረቡዕ፣ ምሽት 3፡00

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግእዙም ያው ነው፤ አብሠረ ማለት የምሥራች ነገረ ማለት ነው፤ ብሥራት ከዚያው የወጣ ነው፤ የዐረብኛውና የግእዙ ግስ አንድ ዘር ነው። መላእክቱ በባዶው መቃብር ለሴቶቹ ያደረጉት ማብሠር ነው፤ እርስዎ ደግሞ በየለቅሶው ያንኑ ቃል ይዘው ሲገቡ ኖረዋል።

ሐረጎ — ሐሙስ፣ ንጋት 11፡20

ሌሊቱን እንቅልፍ ስላጣሁ ሁሉንም አነበብሁ። የእኅታችን እናት መቃብር አላት፤ ፍትሐቷም ደርሷል፤ ቅናት አይደለም፤ ደስ ብሎኛል። እኔ ግን በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ ቁልቁለት በእግራችን በወረድንበት ሌሊት፣ በሕዝቡ መካከል ታናሽ ወንድሜን ለቀቅሁት። እጄን ይዞ ነበር፤ ዕቃ ልለውጥ ብዬ እጄን አላቀቅሁ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም፤ ሞተ የሚል ሰው የለም፤ አለ የሚልም የለም። ተዝካሩን እንዳላወጣ ሞቱን አላውቅም፤ እንዳልጠብቀው ዓመታት አለፉ።

ወደ ኤማሁስ ይሄዱ የነበሩት ሁለቱ ሰዎች ለጌታ «ተስፋ አድርገን ነበር» ይሉታል። ወንጌሉን ስሰማ ሁልጊዜ የምቆመው እዚያች «ነበር» ላይ ነው። ኤማሁስ 60 ምዕራፍ ይርቃል ይላል፤ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ነው አሉ፤ እኛ በዚያ ሌሊት ከእጥፍ በላይ ሄድን፤ በመንገድም የቀረበን ሰው አልነበረም። መምህር፣ መቃብር ለሌለው ሰው ትንሣኤ ምንድን ነው?

መምህር ዘሐይቅ — ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡45

ወንድሜ፣ ለጥያቄህ ሙሉ መልስ አለኝ ብዬ አልዋሽህም። በዮሐንስ ራእይ «ባሕርም በእርሱ ውስጥ ያሉትን ሙታን ሰጠ» ተብሏል። መቃብር ያላቸው ብቻ የሚነሡ ቢሆን ይህ ቃል ባልተጻፈ ነበር። እኛ ያረፈበትን የማናውቀውን ሰው እግዚአብሔር ያውቀዋል፤ መቃብር ለእኛ ማስታወሻ ነው እንጂ ለእርሱ ምልክት አያስፈልገውም።

ስለ «ነበር» ግን ይህን ልበል። ጌታ እንዲህ ያሉትን ሰዎች ጥሏቸው አልሄደም፤ ከእነርሱ ጋር ያንኑ መንገድ ሄደ፤ ሲመሽም ገብቶ እንጀራ ቆረሰላቸው። ለቶማስም ሲገለጥ የችንካሩ ምልክት በእጁ ላይ ነበር፤ የተነሣው አካል ቁስሉን አላጠፋውም። በትንሣኤም ቢሆን ያቺ ሌሊት እንዳልነበረች እንደማትቆጠር ከዚህ እረዳለሁ። እጅህን ያላቀቅህባት ቅጽበት ኃጢአትህ አይደለችም፤ ይህንን ከንስሐ አባትህ አፍ ስማው፤ ካልሄድህ ዛሬ ሂድ።

የጦሳ ሥር — ቅዳሜ፣ ምሽት 1፡50

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። መምህር፣ ስለ ሆሣዕናው የጻፉልኝን ያነበብሁት ሱቄ ውስጥ ነበር፤ በሩን ዘግቼ እስኪበቃኝ አለቀስሁ፤ እንባዬን ሳልውጠው ያለቀስሁት ከቀብሩ ወዲህ ያኔ ነው። ሐሙስ ጠዋት የልጅቱን ቀሚስ እጅጌ ገጠምሁ፤ ለፋሲካ ባይደርስም ለዳግም ትንሣኤ እንድትለብሰው እናቷ ዛሬ ወሰደችው። እናቴ በጧት ስትቀሰቅሰኝ ዲያቆኑን እየመሰለች «ተንሥኡ ለጸሎት» ትለኝ ነበር፤ ቃሉ ያው የትንሣኤ ቃል መሆኑ እስከዚህ ሳምንት ድረስ ልብ ብዬው አላውቅም ነበር።

ሐረጎ በሚል ስም የጻፉልን ወንድሜ፣ ይህን የምጽፈው ለእርስዎ ነው። የእናቴ አርባ በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ይውላል። ዛሬ ካህኑን ስለ ወንድምዎ ስም ሳልጠራ ጠየቅኋቸው፤ ሞቱ ሳይታወቅ ከሙታን ጋር እንደማይቈጠር፣ ነገር ግን በቅዳሴው ስለ መንገደኞች በሚጸለየው ጸሎት ሊታሰብ እንደሚችል ነገሩኝ። ስለዚህ የክርስትና ስሙን ቢልኩልኝ፣ በዚያ ቀን እርስዎም መጥተው አብረን ብንቆም፣ ከአስቀደስን በኋላም ከእኛ ቤት እንጀራ ቢቆርሱ ደስ ይለኛል። ቤታችን ዳገት ላይ ነው፤ ከታች ድረስ ወርጄ እቀበልዎታለሁ።

ሐረጎ — ቅዳሜ፣ ምሽት 4፡05

እመጣለሁ። ስሙን በግል መልእክት ልኬልዎታለሁ፤ ከጻፍሁት ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር።